«አር ኢ» ያልነበረው መልስ፦ ከገላን ፋብሪካ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ከአቃቂ አልፎ ገላን መግቢያ ላይ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለደረሰ ነገር ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ሥራ አስኪያጁ ፈቅደውልኛል። ሥራዬ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በገላን ያሉ ቢሮዎችን ኮምፒውተርና ኔትወርክ ማየት ነው። ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ ከቱርክ ወይም ከቻይና ጋር በኢሜይል የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ ስለማምን ነገሩን ከሥሩ እነግራችኋለሁ።

በአጭሩ፣ ከጀርመን የመጣን አንድ መልስ የፋብሪካው ኮምፒውተር መልስ መሆኑን አላወቀም። ስለዚህ ማንም የማያየው ፎልደር ውስጥ ከተተው። ተጭኖ ያለቀ ኮንቴይነር በሌሊት ተራገፈ። ምንም ያላጠፋች አንዲት ወጣት ሠራተኛም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊሰጣት ነበር።

ቢሮው እንዴት ይሠራ ነበር

ፋብሪካው ቲሸርትና የሕፃናት ፒጃማ ይሰፋል። ዋና ገዢዎቹ አንድ የጀርመንና አንድ የስዊድን ድርጅት ናቸው። ከጨርቁ ከፊሉ ከቱርክ ይመጣል፤ ቁልፍ፣ ዚፕና ሌብል ከቻይና። ዕቃው የሚወጣው በጅቡቲ በኩል ሲሆን እዚያ ያለው ትራንዚተር የሚጠቀመው የፈረንሳይኛ ኮምፒውተር ነው። ሁሉም የሚጻጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሜኑና ቁልፍ ግን በየአገሩ ቋንቋ ነው፤ የችግሩ ምንጭም ይኸው ነው።

የኤክስፖርት ክፍሉ ሦስት ሰዎች የሚከፍቱት አንድ የጋራ ኢሜይል አለው። ፕሮግራሙ ተንደርበርድ ነው። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥም የወረደውን ኢሜይል ያስነብባል። በየቀኑ የሚገባው ብዙ ስለሆነ ከዓመታት በፊት የነበረ ባለሙያ ፊልተር፣ ማለትም የሚገባውን ኢሜይል በራሱ ወደየፎልደሩ የሚለይ ደንብ፣ ሠርቶላቸው ሄዷል። የኢሜይሉ ርዕስ በ«አር ኢ» እና በሁለት ነጥብ፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ፕሮግራም መልስ ላይ በሚጨምረው ምልክት፣ ከጀመረ «በሂደት ላይ» ወደሚባለው ፎልደር ይገባል፣ ካልጀመረ «አዲስ» ወደሚባለው። «በሂደት ላይ» የሚለውን የኤክስፖርት ልጆች ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን አይነቅሉበትም። «አዲስ» የሚለው ድርሻው የማርኬቲንግ ነበር፤ እዚያ የሚገባው በአብዛኛው ማስታወቂያና ዋጋ ጠያቂ ስለሆነ በጊዜው የሚከፍተው የለም።

ፊልተሩን የሠራውን ሰው ልወቅሰው አልፈልግም። ያን ጊዜ ገዢዎቻቸው የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ከተዘጋጀ ኮምፒውተር ስለነበር ነገሩ በደንብ ይሠራ ነበር።

የዓርቡ ኢሜይልና የማክሰኞው ስልክ

በጀርመኑ ድርጅት በኩል ፋብሪካውን ለዓመታት ስትከታተል የነበረችው ሴት ወሊድ ወጣች። ቦታዋን አዲስ ልጅ ተካች። አዲሷ ልጅ የምትሠራው በጀርመንኛ በተዘጋጀ፣ አውትሉክ በሚባል የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከፋብሪካው በተላከላት የፓኪንግ ሊስት (የጭነቱ ዝርዝር) ኢሜይል ላይ «መልስ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነችና ጻፈች፤ ዕቃው የሚራገፍበት መጋዘን ተቀይሯል፣ ካርቶኖቹ ላይ የሚለጠፈው ሌብልም ይቀየር፣ አዲሱን ባርኮድ በፒዲኤፍ አያይዣለሁ። ላከች። በእሷ በኩል ሥራው ተጠናቀቀ።

ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ኮንቴይነሩ ተጭኖ አልቋል። ሾፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ በሌሊት ወደ ጅቡቲ ሊነሳ ነው። ያን ጊዜ ከጀርመን ስልክ ተደወለ።

«አዲሱን ሌብል ለጥፋችኋል አይደል?»

የትኛውን ሌብል? ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተያየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። የማታ ሺፍቱ ከመስመር ላይ ተነሳ። ካርቶኑ በእጅ ወረደ፤ አዲሱ ሌብል ታተመ፣ ተለጠፈ፣ ካርቶኑ እንደገና ተጫነ። ሰርቪሱ ሠራተኛውን ለመመለስ እስከ ንጋት ቆመ። መኪናው አንድ ቀን ዘግይቶ ወጣ። ለሾፌሩ መቆሚያ ተከፈለ፣ ለሠራተኛው የትርፍ ሰዓት ተከፈለ።

በማግስቱ ወደ እኔ የተደወለው «ሰርቨሩ ኢሜይል እያጠፋብን ነው» ተብሎ ነው። ስደርስ ግን የቢሮው ወሬ ስለ ሰርቨር አልነበረም። የጀርመኑን ኦርደር የምትከታተለው ልጅ ዓይኗ ቀልቷል። የሰው ኃይል ክፍሉ ደብዳቤ እያረቀቀ ነበር፤ «የደረሰሽን ትዕዛዝ በወቅቱ ባለማየትሽ» የሚል።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ እኔ ጋ አልመጣም። ዓርብም ሰኞም ኢሜይሉን ሳላየው የዋልኩበት ሰዓት የለም» አለችኝ።

«አይዞሽ። ከመጣ የመጣበት ዱካ አለ። ቁጭ በይና አብረን እንፈልገው» አልኳት።

የላኪዋን አድራሻ ጻፍንና በሁሉም ፎልደር ፈለግን። ወዲያው ተገኘ። «አዲስ» ውስጥ፣ ያልተከፈተ፣ ከኤግዚቢሽን ግብዣዎችና ከማሽን ሻጭ ማስታወቂያዎች መሃል። ርዕሱ የራሷ የፓኪንግ ሊስት ርዕስ ነው፣ የኦርደር ቁጥሩም እንዳለ አለ። ፊት ለፊቱ ያለው ግን «አር ኢ» አይደለም። «ኤ ደብሊው» እና ሁለት ነጥብ ነው።

ያ «ኤ ደብሊው» ምንድን ነው?

ጀርመኖች መልስን «አንትቮርት» ይሉታል። በጀርመንኛ የተዘጋጀ አውትሉክ መልስ ስትሰጡ ርዕሱ ላይ የሚጨምረው የዚህን ቃል አህጽሮት ነው። የጀርመኗ ልጅ አልጻፈችውም፤ ፕሮግራሙ ነው የጻፈው። ምናልባትም አይታው አታውቅም፤ ሁላችንም መልስ ስንጽፍ ርዕሱን መቼ እናያለን!

ይህ የጀርመኖች ብቻ አይደለም። ስዊድኖች፣ ዴንማርኮችና ኖርዌዮች «ስቫር» ከሚለው ቃላቸው «ኤስ ቪ» ያደርጉታል። ቱርኮች «ያኒት» ከሚለው «ዋይ ኤን ቲ»፣ ፖላንዶች «ኦ ዲ ፒ»። የጣሊያንኛው አውትሉክ «አር» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ ያስቀምጣል። የቻይንኛው ሁለት የቻይና ሆሄ ያስቀምጣል። ሰበታና ሆለታ አካባቢ አበባ እርሻ የምትሠሩ ደግሞ ከሆላንድ በሚመጣ መልስ ላይ «ኤ ኤን ቲ ደብሊው» አይታችሁ ይሆናል፤ «አንትዎርድ» ከሚለው የሆላንድ ቃል የመጣ ነው።

ለሌላ ሰው ሲተላለፍም እንዲሁ ነው። እኛ የለመድነው «ኤፍ ደብሊው» ወይም «ኤፍ ደብሊው ዲ» ነው። ጀርመንኛው «ደብሊው ጂ» ይላል፣ ስዊድንኛው «ቪ ቢ»፣ ፈረንሳይኛው «ቲ አር»፣ ቱርክኛው «አይ ኤል ቲ»። ፈረንሳይኛ አጻጻፍ ላይ ከሁለት ነጥቡ በፊት ባዶ ቦታ መተው ልማድ ስለሆነ አንዳንዴ ፊደሉና ነጥቡ ተለያይተው ይመጣሉ። ለሰው ዓይን ምንም አይደለም፤ ፊደል በፊደል ለሚያነጻጽር ፊልተር ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ደንብ የለውም ወይ? አለው። ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስነው ሰነድ አር ኤፍ ሲ 2822 ይባላል፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአር ኤፍ ሲ 5322 ተተክቷል። ሁለቱም የሚሉት ተመሳሳይ ነው። መልስ ሲሆን ርዕሱ በ«አር ኢ» ሊጀምር ይችላል፤ ከተጀመረ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፣ ሌላ ቃል መጠቀም ወይም መደጋገም ያልተፈለገ ውጤት ሊያመጣ ይችላል ይላሉ። ልብ በሉ፣ «ይችላል» ነው የሚለው። ግዴታ አይደለም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1987 ለዩዝኔት፣ ለድሮው የኮምፒውተር የውይይት መድረክ፣ የወጣው አር ኤፍ ሲ 1036 ጠንከር ያለ ነበር፤ መልስ የሆነ መልእክት ርዕሱ በ«አር ኢ» ሁለት ፊደላት፣ በሁለት ነጥቡና በባዶ ቦታው፣ በጠቅላላው በአራት ምልክቶች እንዲጀምር ይጠይቃል፣ ቀዳሚውን መልእክት የሚጠቅሰውን መስመር ደግሞ ግዴታ ያደርገዋል። ያቺን ግዴታ የሆነች መስመር አትርሱ፣ እመለስባታለሁ።

ደንቡ እንደሚለው «አር ኢ» የመጣው ከላቲኑ «ኢን ሬ» ነው፣ «ጉዳዩን በተመለከተ» እንደማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ሪፕላይ» አህጽሮት አይደለም። የየአገሩ ተርጓሚዎች ግን «መልስ» ማለት ነው ብለው ወስደው ወደየቋንቋቸው መለሱት። ሰው የራሱን ቋንቋ ኮምፒውተሩ ላይ ማየቱ ደግሞ መብቱ ነው፤ እኔም አማርኛውን ማየት እፈልጋለሁ። ችግር የሚፈጠረው ያ ቃል ከቢሮው ወጥቶ ቋንቋውን የማያውቅ ማሽን ጋ ሲደርስ ነው።

«ስዊድኖቹ አይመልሱም»

የጀርመኑን ካገኘን በኋላ ልጅቷ ራሷ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። «ሌሎቹስ?» አለች።

«አዲስ» ፎልደርን ላኪ በላኪ ደረደርነው። ልቤን የነካኝ እዚህ ላይ ያየነው ነው። ከስዊድኑ ገዢ የመጡ ብዙ መልሶች እዚያ ተኝተዋል፣ ሁሉም «ኤስ ቪ» ይላሉ። ቢሮው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚነገር አንድ ነገር ነበር፤ ስዊድኖቹ ኢሜይል አይመልሱም፣ ካልደወልክላቸው አይሆንም የሚል። ስለዚህ ልጆቹ ይደውሉ ነበር፣ በዋትስአፕ ይጽፉ ነበር። ስዊድኖቹ ግን መልሰዋል። አብዛኛውን በማግስቱ፣ አንዳንዱን በዚያው ቀን። በወዲያኛው በኩልም «እነዚህ ሰዎች የጻፍንላቸውን አያነቡም» መባሉ አይቀርም። ሁለት ጨዋ ቢሮዎች በሁለት ፊደል ምክንያት ተቀያይመው ኖረዋል።

ከቱርኩ ጨርቅ አቅራቢም ጥቂት ተገኙ፣ ከቻይናው ሌብል አምራችም። የጅቡቲው ትራንዚተር ያስተላለፋቸው «ቲ አር» ያሉባቸው ሰነዶችም ነበሩ። ብዙዎቹ ጊዜያቸው አልፏል። አንዱ ግን ገና ያልተከፈለ ሂሳብ ላይ የቀረበ ጥያቄ ስለነበር ወዲያው ለፋይናንስ ተላከ።

ማስረጃው

ለሥራ አስኪያጁ «ፎልደሩ ተሳስቶ ነው» ብሎ መናገር በቂ አልነበረም። «ርዕሱ ካልመሰለ ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል? ለምን ሁሉንም ፎልደር አላየችም?» ሊሉ ይችላሉ፣ ተገቢ ጥያቄም ነው። ስለዚህ የኢሜይሉን ውስጠኛ ጽሑፍ ከፈትኩት። ተንደርበርድ ላይ ኮንትሮልን ይዛችሁ «ዩ»ን ስትጫኑ ይታያል።

እያንዳንዱ ኢሜይል ሲላክ መሴጅ አይዲ የሚባል የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ መሃሉ ላይ የ«አት» ምልክት ያለበት፣ ከሌላ ጋር እንዳይመሳሰል ተደርጎ የተሠራ ረጅም ቁጥርና ፊደል። መልስ ስትሰጡ ፕሮግራማችሁ የዚያን የቀደመውን ኢሜይል መለያ ወስዶ «ኢን ሪፕላይ ቱ» እና «ሬፈረንስስ» በሚባሉ ሁለት መስመሮች ላይ ያስቀምጠዋል። በተለመደው ንባብ አይታዩም። «ሬፈረንስስ» ቅድም አትርሱ ያልኳችሁ መስመር ናት። የሚጻፉትም በየትኛውም ቋንቋ አይደለም፤ ጀርመንኛ አውትሉክም ሆነ ቻይንኛ፣ መስመሩ አንድ ነው።

የጀርመኗን ኢሜይል ስንከፍት «ኢን ሪፕላይ ቱ» ላይ ያለው መለያ ልጅቷ ሐሙስ ከላከችው የፓኪንግ ሊስት ኢሜይል መለያ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ሁለቱን አትሜ፣ ቁጥሮቹን በማርከር ቀብቼ ለሥራ አስኪያጁ ወሰድኩላቸው።

እሳቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። መዝገብ ቤትን ምሳሌ አድርጌ ነገርኳቸው። ደብዳቤ ስንጽፍ «ጉዳዩ፦» ብለን እናሰምርበታለን፤ መዝገብ ቤቱ ግን ደብዳቤውን ከማኅደሩ ጋር የሚያገናኘው በጉዳዩ አጻጻፍ አይደለም። «በቀን ይህን ያህል በቁጥር ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ» በሚለው ነው። ጉዳዩን አንዱ በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው በሌላ ሊጽፈው ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ማኅደሩን ያገኘዋል። ይህ ቢሮ መልእክቱ ላይ ቁጥር እያለ ማኅደር ሲለይ የኖረው በጉዳዩ የመጀመሪያ ሁለት ፊደል ነው አልኳቸው።

ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ የሰው ኃይል ኃላፊውን ጠሩና «ያንን ደብዳቤ ተወው» አሉ። ልጅቷንም አስጠርተው ፊት ለፊት «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሏት። ይህን ለመናገር ብዙ አለቃ ይከብደዋል፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ያልመረጥነው መፍትሔ

መጀመሪያ ለሰው የሚመጣለት ሐሳብ የሁሉንም አገር አህጽሮት ፊልተሩ ላይ መደርደር ነው። «ኤ ደብሊው»፣ «ኤስ ቪ»፣ «ዋይ ኤን ቲ» እያሉ መጨመር። የቢሮው ልጆችም ይህንኑ ነበር ያሉኝ። እንደ ዋና መፍትሔ አልተቀበልኩትም።

አንደኛ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። «ቪ ኤስ» የሚለው በፊንላንድኛ «ቫስታውስ» ነው፣ መልስ። በኖርዌይኛና በዴንማርክኛ ደግሞ ያው «ቪ ኤስ» ለሌላ ሰው የተላለፈ ማለት ነው። ሁለት ፊደል አይቶ ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። የጣሊያኑ የማስተላለፊያ አህጽሮት «አይ» የምትል አንዲት ፊደል ናት፤ እሷን መጠበቅ ብዙ ያልተፈለገ ነገር ያስገባል።

ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ አያልቅም። ነገ ከፖርቱጋል ገዢ ቢመጣ፣ ከነገ ወዲያ ከሃንጋሪ፣ እንደገና ኢሜይል ጠፍቶ እስኪታወቅ ነው የሚጠበቀው። ሁለት ነጥቡ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከቻይና ሲመጣ አንዳንዴ ሰፋ ያለው የቻይንኛ ሁለት ነጥብ ነው፣ ለኮምፒውተር ሌላ ፊደል ነው። እዚሁ ቢሮ ውስጥ ደግሞ በአማርኛ ሲጻጻፉ በእጃቸው «መልስ፦» ብለው የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። የእኛን ባለ ሰረዝ ሁለት ነጥብ ማን ፊልተር ያውቀዋል?

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚያሳስበኝ አጭበርባሪዎች ናቸው። የውጭ ንግድ የሚሠሩ ቢሮዎችን የሚያጠቁ ሰዎች ርዕሱ ላይ «አር ኢ» ብለው የውሸት ኢሜይል ይልካሉ፣ የቀጠለ ንግግር እንዲመስል። የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን ወደዚህ አድርጉ ይላሉ። የድሮው ፊልተር እንዲህ ያለውን በሩን ከፍቶ «በሂደት ላይ» ውስጥ ያስገባው ነበር፣ እውነተኛዋን ጀርመናዊት ደግሞ ከቆሻሻው ጋር ይጥላት ነበር። ርዕስ ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት ቦታ ነው።

ያደረግነው

ፊልተሩን ከርዕሱ አንስተን ወደተደበቀው መስመር ወሰድነው። ተንደርበርድ ላይ ፊልተር ስትሠሩ ከምርጫዎቹ መጨረሻ «ከስተማይዝ» የሚል አለ፤ እዚያ «ሬፈረንስስ» ብላችሁ የራሳችሁን መስመር ትጨምራላችሁ። ከዚያ ደንቡን እንዲህ አደረግነው፦ «ሬፈረንስስ» ውስጥ ከ«አት» ምልክት ጋር የፋብሪካው ዶሜይን ስም፣ ማለትም የኢሜይል አድራሻው ከ«አት» በኋላ ያለው ክፍል፣ ካለ «በሂደት ላይ» ይግባ። ተንደርበርድ መሴጅ አይዲውን ሲሠራ የላኪውን ዶሜይን መጨረሻው ላይ ስለሚያደርግ፣ ከእኛ ለወጣ ኢሜይል የተሰጠ መልስ ሁሉ የእኛን ዶሜይን ይዞ ይመለሳል። ርዕሱ ላይ «አር ኢ» ብቻ የጻፈ አጭበርባሪ በዚህ አያልፍም። ከእኛ የወጣ እውነተኛ ኢሜይል እጁ የገባ ሰው ግን ያልፋል፤ ስለዚህ የባንክ ሂሳብ ለውጥ በስልክ ካልተረጋገጠ አይከፈልም የሚለው ደንብ እንዳለ ቆይቷል።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ገዢው ራሱ አዲስ ንግግር ከጀመረና እኛ ሳንመልስ ሁለተኛ ከጻፈ የእኛ መለያ ገና ውስጡ የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ደንብ ጨመርን፤ ከታወቁት የገዢ፣ የአቅራቢና የትራንዚት አድራሻዎች የመጣ ሁሉ፣ ርዕሱ ምንም ይበል፣ ወደ ኤክስፖርት ክፍሉ ይግባ። ከዚያ ፊልተሩን በአሮጌው ፎልደር ላይ አስኬድነው። ለዓመታት የተለያዩት መልሶች ወደየንግግራቸው ገቡ። ተንደርበርድ የንግግር ሰንሰለቱን የሚሠራው በዚያው በተደበቀው መስመር ነው፤ ሰንሰለቱ ተቆርጦ የነበረው መልሱ ሌላ ፎልደር ውስጥ ስለነበር ብቻ ነው። አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገናኙ የስዊድኖቹ መልስ በየጥያቄው ሥር ቁጭ አለ።

ሌላው የርዕስ መደራረብ ነበር። እነሱ «ኤ ደብሊው» ይልካሉ፣ ተንደርበርድ እሱን እንደ መልስ ምልክት ስለማያውቀው ፊቱ ላይ «አር ኢ» ይጨምራል፣ አውትሉካቸው «አር ኢ»ውን አንስቶ የራሱን ይተካል፣ እንዲህ እያለ «ኤ ደብሊው ኤ ደብሊው ኤ ደብሊው» ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ በስልካቸው ሲያዩት የኦርደር ቁጥሩ ከስክሪኑ ወጥቷል። ከሦስት ፊደል የማይበልጥ ነገር ሁለት ነጥብና ባዶ ቦታ ከተከተለው አውትሉክ በየትኛውም ቋንቋ እንደ ምልክት ቆጥሮ ያነሳዋል፤ ባለ አራት ፊደሉ የሆላንዱ ግን ያመልጠዋል። ለተንደርበርድ መፍትሔው የላቁ ማስተካከያዎች ውስጥ ገብቶ «ሎካላይዝድ» ብሎ መፈለግ ነው፤ ለመልስ ምልክቶች የተዘጋጀ አንድ መስመር ይመጣል። እዚያ የገዢዎቻችንን አህጽሮቶች በኮማ ለይተን ጻፍን። ዝርዝር ብጠላም እዚህ ላይ ተጠቅሜበታለሁ፤ ስህተት ቢኖረው ርዕስ ያስቀይማል እንጂ ኢሜይል አያጠፋም።

ርዕስ አጻጻፍም ተለወጠ። የኦርደር ቁጥር መጀመሪያ፣ ከዚያ አጭር መግለጫ፣ ያ ቁጥር ደግሞ በመሃል አይነካም። ሥራ አስኪያጁ የሚያነቡት በጂሜይል ነው፤ ጂሜይል ርዕሱ ከተቀየረ ወይም ንግግሩ ከ100 ኢሜይል ካለፈ አዲስ ሰንሰለት ይጀምራል። አንድ ኦርደር ከናሙና እስከ ጭነት 100 ኢሜይል ማለፉ የተለመደ ስለሆነ ንግግሩ በናሙና፣ በምርትና በጭነት ተከፈለ።

አማርኛ ርዕስን በተመለከተ ልጆቹ «ኢሜይል ላይ አማርኛ ይበላሻል» ብለው ይፈሩ ነበር። ዛሬ አይበላሽም። ርዕስ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንዲያልፍ ተደርጎ ስለተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አር ኤፍ ሲ 2047 ሌላውን ፊደል ወደዚያ ቀይሮ የሚያሳልፍበትን መንገድ አበጅቷል። አንዱ የግዕዝ ሆሄ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል አቀማመጥ ሦስት ባይት ነው፣ ተቀይሮ ሲያልፍ አራት ፊደል ይሆናል፤ አንዱ ቁራጭ ከ75 ፊደል መብለጥ ስለሌለበት 15 ሆሄ ይይዛል፣ ረጅም ርዕስ በቁራጭ ተከፋፍሎ ሄዶ እዚያ ይገጣጠማል። ለአገር ውስጥ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፉ አልኩ፣ እየጻፉም ነው።

ለጀርመኗ የተጻፈው

ልጅቷ ለጀርመኗ ባልደረባዋ ራሷ ጻፈች። ክስ አልነበረውም፤ የሆነውን ነገረቻት፣ ከፈለገች ልትቀይረው የምትችለውን ቦታም ጠቆመቻት። አውትሉክ ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ስለ ዓለም አቀፍ አጠቃቀም በሚለው ክፍል፣ ሜኑው በጀርመንኛ እንዳለ ሆኖ መልስና ማስተላለፊያ ላይ ግን እንግሊዝኛ እንዲጠቀም የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሷም አደረገችው፣ ይቅርታም ጠየቀች፤ ይቅርታ የሚያስጠይቃት ነገር ባይኖርም። ስዊድኖቹን ግን ቀይሩ አላልናቸውም። ፊልተሩ ከተስተካከለ በኋላ «ኤስ ቪ» ቢሉም «አር ኢ» ቢሉም ለውጥ የለውም፤ ሰው የራሱን ቢሮ ቋንቋ ለእኛ ሲል እንዲቀይር መጠየቅም ደስ አላለኝም። ይልቅ ሥራ አስኪያጁ ለቆዩት ኢሜይሎች ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፉላቸው።

ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል። የጅቡቲው ትራንዚተር አንዳንዴ መልስ አይጫንም፤ ከባዶ አዲስ ኢሜይል ይከፍትና ሰነዱን አያይዞ ይልካል። እንዲህ ያለው የተደበቀ መስመር የለውም፣ ርዕሱም አንዳንዴ ባዶ ነው። በአድራሻው ወደ ኤክስፖርት ክፍሉ ይገባል፣ ከየትኛው ጭነት ጋር እንደሚሄድ ግን ማሽኑ አያውቅም። ስለዚህ የትራንዚቱን ፎልደር አንድ ሰው ጠዋትና ከሰዓት ከፍቶ፣ ሰነዱ ውስጥ ያለውን የኮንቴይነር ቁጥር አይቶ በእጁ ወደየኦርደሩ ይለያል። ይህን ሥራ የወሰደችው ያቺው የጀርመኑን ኦርደር የምትከታተለው ልጅ ናት። «አዲስ» የሚለውን ፎልደርም አሁን ማርኬቲንግና ኤክስፖርት በየቀኑ በተራ ይከፍቱታል።